ራፈር ጆንሰን አሥሩንም አላሸነፈም

ይድረስ ለስፖርት ዓምድ አዘጋጅ፤

ስለ ሮም ኦሎምፒክ ባወጣችሁት ጽሑፍ አሜሪካዊው የዴካትሎን (አሥር የሩጫ፣ የዝላይና የውርወራ ውድድሮችን በአንድ የሚያጣምር ስፖርት) ሻምፒዮን ራፈር ጆንሰን «አሥሩንም ውድድሮች በማሸነፍ» ወርቅ እንደወሰደ ተገልጿል። ስሕተቱ ቀላል ቢመስልም የስፖርቱን ምንነት ስለሚገለብጥ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

ውድድሩ የተጠናቀቀው አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ ከማሸነፉ ከአራት ቀናት በፊት፣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 6 ቀን 1960 ነው። ጆንሰንን የተፈታተነው የታይዋኑ ያንግ ቹዋን ክዋንግ ሲሆን፣ ሁለቱ በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በአንድ አሠልጣኝ፣ በኤልቪን ድሬክ ሥር አብረው የሚሠለጥኑ ጓደኛሞች ነበሩ። ከአሥሩ ውድድሮች በሰባቱ የቀደመው ያንግ ነው። ጆንሰን የበለጠው በአሎሎ፣ በዲስከስና በጦር ውርወራ ብቻ ነው፤ ነገር ግን በዴካትሎን የሚደመረው ማን ስንት ጊዜ ቀደመ የሚለው ሳይሆን እያንዳንዱ ሰዓትና ርቀት በሠንጠረዥ ተሰልቶ የሚያስገኘው ነጥብ በመሆኑ፣ ያንግ በሩጫና በዝላይ ጥቂት በጥቂት ያጠራቀመውን ጆንሰን ከሁለት ሜትር በላይ አርቆ በወረወረው አሎሎ መልሶ ይወስድበት ነበር። (በስፖርት መምህርነቴ ዘመን አሎሎ የሚመርጥ ተማሪ ሩጫ ያቃተው ተደርጎ ሲሳቅበት ስላየሁ፣ ይህን ስጽፍ ትንሽ ደስ ይለኛል።)

ለመጨረሻው 1500 ሜትር ሲሰለፉ ጆንሰን የሚመራው በ67 ነጥብ ነበር። ያንግ ወርቁን ለመውሰድ በ10 ሰከንድ ያህል መቅደም ይጠበቅበታል፤ በዚህ ርቀት የተሻለው ሯጭ እሱ መሆኑን ደግሞ ሁለቱም ያውቃሉ። ድሬክ ያንግን «ሮጠህ አምልጠው»፣ ጆንሰንን «ከኋላው እንዳትለይ» ብሎ ለየብቻ መክሯቸው ነበር። ያንግ ደጋግሞ ፍጥነት ቢጨምርም ጆንሰን ከጀርባው አልራቀም፤ በ4 ደቂቃ ከ48.5 ሰከንድ የገባውን ያንግን ተከትሎ በ4 ደቂቃ ከ49.7 ሰከንድ ሲገባ፣ በዚህ ርቀት በዕድሜው ሙሉ ያስመዘገበው ምርጥ ሰዓት ሆነለት። መስመሩን እንዳለፉ ጆንሰን ራሱን በያንግ ትከሻ ላይ አሳረፈ። ድምሩ 8392 ለ8334 ነበር።

ጆንሰን እዚያ የደረሰው በቀላሉ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ተጎድቶ ተወዳድሮ ብር ወሰደ፤ በ1958 ሞስኮ ላይ የሶቪየት ኅብረቱን ዴካትሎን ተወዳዳሪ ቫሲሊ ኩዝኔትሶቭን በዓለም ክብረ ወሰን ረታ፤ በ1959 በመኪና አደጋ ጀርባው ተጎድቶ ከውድድር ርቆ ከቆየ በኋላ ሮም ከመሄዱ በፊት ክብረ ወሰኑን በድጋሚ በእጁ አስገባ። በሮም መክፈቻ የአሜሪካን ሰንደቅ ዓላማ በመያዝም የመጀመሪያው ጥቁር አትሌት ነው። ከድሉ በኋላ ገና በ26 ዓመቱ ውድድር አቆመ፤ በ1984 በሎስ አንጀለስ የኦሎምፒኩን ችቦ ያቀጣጠለው እሱ ነበር።

ስለዚህ እርማት እንድታወጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ። በእርማቱም በጽሑፋችሁ ጨርሶ ያልተነሣው የያንግ ስም እንዲገባ ይሁን፤ ያ ብር ለታይዋን የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ነበርና።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር፣ ከደሴ