ለጋሼና ለሁላችሁም፦ የምስጋና መልእክት

ይድረስ በሚኒሶታ ለምትኖሩ ወገኖቼ፣ ከሩቅም ለደወላችሁልኝ፤

ጁን 14፣ 2025 (ሰኔ 7፣ 2017 ዓ.ም.) ሌሊት የሆነውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ዝርዝሩን አልደግመውም። የቀድሞዋ የሚኒሶታ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ሜሊሳ ሆርትማንና ባለቤታቸው ማርክ፣ ፖሊስ መስሎ ቤታቸው በመጣ ሰው ተተኩሶባቸው ዛሬ የሉም። ነፍሳቸውን ይማር። ሴናተር ጆን ሆፍማንና ባለቤታቸው ኢቬት ቆስለው ተርፈዋል፤ ተመስገን ነው።

እኔ የምክር ቤት አባል አይደለሁም። የአንድ አባል ረዳት ነኝ። ስልክ አነሳለሁ፣ ቀጠሮ እይዛለሁ፣ ስድብም እቀበላለሁ። አለቃዬ ደህና ናቸው። የራሳቸውን ምስጋና በእንግሊዝኛ ጽፈዋል፤ ይሄኛው የኔ ነው።

ከማን ልጀምር? ከጋሼ። ስማቸውን እንዳልጠራ አስምለውኛል። ኡበር ነው የሚነዱት። ከዚህ ሁሉ በፊት የማውቃቸው በስልክ ድምፃቸው ብቻ ነበር፤ እሱም በቁጣ።

ያን ሰሞን ስልኩ ፋታ አልነበረውም። በጁን 9ኙ ልዩ ስብሰባ፣ መኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው አዋቂዎች ከሚኒሶታኬር የጤና ሽፋን እንዲወጡ የሚያደርገው ሕግ 68 ለ65 አለፈ። ከዴሞክራቶቹ ወገን በምክር ቤቱ የድጋፍ ድምፅ የሰጡት ወ/ሮ ሜሊሳ ብቻ ነበሩ። ምክር ቤቱ በሁለቱ ፓርቲዎች መካከል 67 ለ67 እኩል ተከፍሎ ነበር፤ በጀቱ ላይ ሳይስማሙ ጁላይ 1 ቢደርስ የመንግሥት ሥራ ሊዘጋ ነበር። የተደራደሩት እሳቸው ናቸው፤ ድምፁንም ራሳቸው ሰጡ። በኋላ ጋዜጠኞች ፊት እንባ ተናነቃቸው። አለቃዬ በበኩላቸው የተቃውሞ ድምፅ ነው የሰጡት።

ለጋሼ ግን ይሄ ሁሉ ሰበብ ነው። ስኳር ያለበት ዘመድ አላቸው። ኢንሱሊኑን የሚያገኘው በዚያ ሽፋን ነው። "ሸጣችሁናል!" ብለው ጆሮዬ ላይ ዘጉት።

ከዚያ ያ ቅዳሜ መጣ። የምኖረው ብሩክሊን ፓርክ ነው። ከቤት አትውጡ የሚለው ማስጠንቀቂያ ስልኬ ላይ ሲጮህ ገና አልነቃሁም ነበር። ፖሊስም ቢሆን ብቻውን ከመጣ አትክፈቱ ተባልን፤ ሰውየው የመጣው ፖሊስ መስሎ ነዋ። ከዚያ ወዲህ መንዳት አቃተኝ። በመስታወት የፖሊስ መኪና ባየሁ ቁጥር እጄ መሪው ላይ ይደርቃል። እሑድ ዕለት ሀይዌይ 94 ዳር አቁሜ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

ሰኞ ጠዋት ስልኬ ጠራ። ቁጥሬን ከዕድራችን ጸሐፊ ተቀብለው ነው።

"በልተሻል?"

"ጾም ነው እኮ ጋሼ።" የሐዋርያት ጾም ገብቶ ነበር።

"ለደነገጠ ሰው ምን ጾም አለው? ውረጂ፣ ታች ነኝ።"

ወረድኩ። ካምሪያቸው ውስጥ፣ የፊት ወንበር ላይ፣ በፎይል የተጠቀለለ ዳቦና በፔርሙዝ ሻይ ተቀምጧል። የጠዋቱን የኤርፖርት ሥራ ትተው ነው የመጡት። ኡበር የነዳ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሴንት ፖል፣ ሥራ ቦታዬ ድረስ ወሰዱኝ፣ መለሱኝ። ሳንቲም አልተቀበሉም። በር ላይ ጥለውኝም አይሄዱም፤ መታወቂያዬን አሳይቼ እስክገባ ድረስ ሃዛርድ አብርተው ይቆማሉ። ከኋላ ክላክስ ሲነፋባቸው ደግሞ መልሰው ይነፋሉ።

ታረቅን እንዳይመስላችሁ። መንገዱን ሙሉ እንጨቃጨቃለን።

"በ2024 የወጣውን የሹፌሮች ሕግ ማን አሳለፈው? በማይል 1 ዶላር ከ28፣ በደቂቃ 31 ሳንቲም! አፈ ጉባኤዋ እሳቸው አልነበሩም?" እላቸዋለሁ።

"ነበሩ። ለእሱ እግዜር ይስጣቸው። ይሄኛውን ግን አልውጠውም።"

እኔም ዝም እላለሁ። ኢንሱሊን ለሚፈልግ ሰው ዘመድ ምን ልበል?

ጁን 27 ሕዝቡ ካፒቶሉ (የምክር ቤቱ ሕንፃ) ውስጥ ወ/ሮ ሜሊሳንና ማርክን ሲሰናበት ጋሼ አብረውኝ ተሰለፉ። ኮፍያቸውን አወለቁ። በሁለቱ ሣጥኖች መሐል የውሻቸው የጊልበርት አመድ ያለበት ዕቃ ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን ጋሼ ስለ ውሻ የሚሉት አያጡም። ምንም አላሉም። መኪናው ውስጥ ከገባን በኋላ ነው የተናገሩት፦ "እኔ እኮ በድምፄ ነበር ልቀጣቸው ያሰብኩት። በምርጫ።" ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እኔም አላየሁም አልኩ።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሌላ ቃል አጣሁ።

የዕድራችን ሰዎች፣ የጸለያችሁልኝ አባቶችና እናቶች፣ የሁለቱም ፓርቲ ረዳቶች የሥራ ባልደረቦቼ፣ በጠራ ስልክ ሁሉ "አለሽ ወይ?" ያላችሁኝ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሻምፕሊንና የብሩክሊን ፓርክ ፖሊሶችንም፤ ማንም ሳይጠራቸው የወ/ሮ ሜሊሳን ቤት ለማየት የሄዱትን በተለይ። ስማችሁን ያልጠራሁ አትቀየሙኝ። ገና አእምሮዬ አልተሰበሰበም፤ ማን ሽሮ እንዳመጣ፣ ማን ልብስ እንዳጠበልኝ ተደበላልቆብኛል።

ሥርዓተ ቀብሩ የተፈጸመው ሰኔ 21፣ በማርያም ዕለት፣ ሚኒያፖሊስ በሚገኘው የቅድስት ማርያም ባዚሊካ ነው። ከእናቶቻችን አንዷ ይህን ስነግራቸው ደረታቸውን መቱ። የሟቾቹ ልጆች ኮሊንና ሶፊ ሐዘንተኛውን የጠየቁት ነገር ቀላል ነው፦ ዛፍ ትከሉ፣ ለማርክ ዳቦ፣ ለሜሊሳ ኬክ ጋግራችሁ ለሰው አካፍሉ። ኬኩን አልችልበትም። ድፎውን ግን ደፍቻለሁ፤ ከሥሩ ትንሽ አርሯል፣ ግማሹ ጋሼ ቤት ሄዷል።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። "ለዚያ ድምፅ ነው የተገደሉት" የሚለውን ወሬ አታሠራጩ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቀርቧል። ቴሌግራም ላይ ያየሁት ትንታኔ ሁሉ ከጭንቅላት የመነጨ ነው።

ስለ ሽፋኑ ለጠየቃችሁኝም፦ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አይነኩም። ሕጉ የሚመለከታቸው አዋቂዎች ሽፋን የቆየው እስከ 2025 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ነበር። ግራ ሲገባችሁ ጽሕፈት ቤት ደውሉ። መጮህም ይቻላል። ስልኩን የማነሳው እኔው ነኝ።