ፈርምዌር ከመጫን በፊት የቦርዱ ስሪት ይታወቅ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ኦሲሎስኮፕን (የኤሌክትሪክ ሞገድን በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ) እና የትራንዚስተር መመርመሪያን (እንደ ትራንዚስተርና ካፓሲተር ያሉ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎችን የሚፈትሽ) በአንድነት የያዙ፣ በእጅ የሚያዙ መለኪያዎች በጥገና ቤቶቻችን እየተለመዱ መጥተዋል። የፈርምዌር (በመለኪያው ውስጥ ተጭኖ የሚያሠራው ፕሮግራም) እድሳታቸውን በሚመለከት ግን ሻጮች ሊያርሙት የሚገባ አንድ ጉድለት ስላየሁ ይህን ደብዳቤ ልጽፍ ወድጃለሁ።

ባለፈው ክረምት አብሮኝ የሚሠራው ልጅ የአንዱን መለኪያችንን ፈርምዌር ለማደስ ተነሣ። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው፤ በብዙዎቹ ሞዴሎች አንድ ቁልፍ ተጭነው መለኪያውን በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒውተር ጋር ሲያገናኙት እንደ ፍላሽ ዲስክ ይከፈታል፤ አዲሱ ፋይል ከተገለበጠበት በኋላም ጠፍቶ በራሱ ይነሣል። (ገመዱ ባትሪ ለመሙላት ብቻ የተሠራ ከሆነ ኮምፒውተሩ ምንም አያይም፤ እኛም ግማሽ ቀን ያጠፋነው በዚሁ ነው።) ፋይሉ ገባ፣ መለኪያውም ተነሣ፤ ስክሪኑ ግን ነጭ እንደሆነ ቀረ። ከፍተን ስናየው ቦርዱ (ቺፖቹ የተገጠሙበት ሰሌዳ) ላይ የታተመው የስሪት ቁጥር ፋይሉ ከተዘጋጀለት የተለየ ነበር። የሞዴሉ ስምና የውጭ አካሉ ሳይለወጥ የስክሪኑ መቆጣጠሪያ ቺፕ ተቀይሯል። የገዛንበት ሱቅ «እንደመጣልን ነው የምንሸጠው» ከማለት በቀር መልስ አልነበረውም።

የሚያስቆጨኝ የትራንዚስተር መመርመሪያው አመጣጥ ነው። ጀርመናዊው ማርኩስ ፍሬየክ በአትሜጋ8 ቺፕ የሠራውን መመርመሪያ ከነንድፉና ከነኮዱ ይፋ አድርጎት ነበር፤ ካርል ሃይንዝ ኪዩበለር ደግሞ ወደ አትሜጋ328 አሳድጎ ዝርዝር መግለጫ ጽፎለታል። ከዚህ ሥራ ተቀድተው በርካሽ ከሚሸጡት ውስጥ ብዙዎቹ ግን ቺፓቸው ተቆልፎ ስለሚመጣ፣ የነበረውን ፕሮግራም አስቀድሞ ገልብጦ ማስቀመጥ አይቻልም፤ የተሳሳተ ፋይል የጫነ ሰው የሚመለስበት መንገድ የለውም።

ደግሞስ አብዛኛው እድሳት አስፈላጊ ነውን? የኦሲሎስኮፑ አቅም የሚወሰነው ሞገዱን በሚቀበለው የቦርዱ ክፍል ነው፤ ለ500 ኪሎኸርዝ የተሠራን መለኪያ የትኛውም ፋይል 5 ሜጋኸርዝ አያደርሰውም። የካፓሲተር (የኤሌክትሪክ ሙሌት የሚያጠራቅም ዕቃ) ንባብ የተዛባባቸው ባልደረቦቼም ፋይል ፍለጋ ከመሄዳቸው በፊት ሦስቱን የመመርመሪያ እግሮች በሽቦ አገናኝተው መለኪያው ራሱን እንዲያስተካክል ቢያደርጉ፣ ችግሩ ብዙ ጊዜ እዚያው ይቃለላል። ካፓሲተሩ ያጠራቀመው ሙሌት ሳይራገፍ ተሰክቶ የተቃጠለ መግቢያ ከሆነ ግን ፈርምዌር አያድነውም።

ስለዚህ አስመጪዎችና ሻጮች የቦርዱንና የፈርምዌሩን ስሪት ቁጥር በደረሰኙ ላይ እንዲጽፉልን፣ ከዕቃው ጋር የመጣውን የመጀመሪያ ፋይል የሚያገኙ ከሆነም ለገዢው በፍላሽ እንዲሰጡ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ፣ ከአዲስ አበባ