የድጋፍ ጥሪ፦ ለአራስ ጥየቃ ክፍላችን ጣሪያ

ለሰፈራችን ነዋሪዎች፣ ውጭ አገር ላላችሁ የሰፈሩ ልጆችም፣

አሁንም ልናስቸግራችሁ መጣን። ነሐሴ ላይ በጣለው ዝናብ በእድሩ ግቢ ያለችው ክፍላችን ጣሪያ ተደረመሰ። ሌሊት ስለነበር ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን። ግን ለአጥሚት ያስፈጨነው እህል ረጠበ፣ የሕፃን ሚዛኑ ተሰበረ። የአራሶቹ ደብተርም ውሃ ገባው። ፀሐይ ላይ ዘርግተን ገጹን አንድ በአንድ ስናላቅቅ ዋልን።

ሥራችንን ታውቁታላችሁ። ሲስተሮቻችን ጡረተኞች ናቸው፣ ደመወዝ አይወስዱም። የወለደች እናት ቤት ሄደው ግፊት ይለካሉ፣ ስለ ደም መፍሰስ ይጠይቃሉ፣ የሕፃኑን እትብት ያያሉ፣ ጡት መያዙን ያረጋግጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ምክር አራስ ከጤና ተቋም ከወጣች በኋላ ቢያንስ 3 ጊዜ ትታይ ይላል፦ በ2 እና በ3 ቀን መካከል፣ በ2ኛው ሳምንት፣ ከዚያ በ6ኛው ሳምንት። መንግሥትም ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችን ቤት ለቤት ያሰማራል፣ ይመስገኑ። ግን አንዷ ባለሙያ ስንቱን ቤት ታዳርስ? በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ዳሰሳ በወለዱ በ2 ቀን ውስጥ የታዩት እናቶች ከ100 34 ብቻ ነበሩ።

"አዲስ አበባ ውስጥ እኮ ሁሉም ሐኪም ቤት ነው የሚወልደው" የሚለን አለ። ልክ ነው፣ በመንግሥት ጤና ጣቢያ መውለድ በነፃ ነው። ጭንቁ ቤት ሲገባ ነው። እናቷ አጠገቧ ላለች ገንፎው ይገነፋል፣ ጎረቤቱም "እንኳን ማርያም ማረችሽ" እያለ ይገባል። ከክፍለ ሀገር መጥታ በደባል የተከራየችውን፣ ከዓረብ አገር ነፍሰ ጡር ሆና የተመለሰችውን ማን ያንኳኳላታል? በኦፕራሲዮን ወልዳ ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ የተኛችውስ ለቀጠሮ እንዴት ትውረድ?

አምና አንዲት ልጅ በወለደች በ5ኛው ቀን ራሷን ፈለጣት። አከራይዋ "ምች ነው" ብለው ዳማከሴ አሹላት። በቅንነት ነው፣ ማንም አይፈርድባቸውም። ሲስተር ደርሳ ስትለካት ግፊቷ 170 በ110! ወዲያው በባጃጅ ሆስፒታል አደረስናት። ልጇ ዛሬ ይድሃል።

ባጃጅ ካነሳን አይቀር፣ "የባጃጁ ብር በዛ" የሚል ሐሜት ጆሯችን ደርሷል። ከፍቶናል። የ60 ዓመት ሴት በጨለማ በእግሯ ትሂድ? ሂሳቡ ከነደረሰኙ በእድሩ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል፣ መጥታችሁ እዩት። አንድ ጥፋት ግን እናምናለን። መጀመሪያ የገዛነው ግፊት መለኪያ ርካሽ ነበር፣ በ2 ወሩ ተበላሸ፣ ሌላ ገዛን። ሌላው ወጪ ሁሉ ለአራስ ነው የዋለው።

ለ22 ቆርቆሮ፣ ለሞራሌ፣ ለምስማር፣ ለአናጢና ለአዲስ ሚዛን 68 ሺህ ብር ያስፈልገናል። እጃችን ላይ 19 ሺህ አለ። ቶምቦላው ግማሹም አልተሸጠም፣ ደክሞናል ብንል ውሸት አይሆንም። ክርስቲያኑ ስለ እመቤታችን ብላችሁ፣ ሙስሊሙ በሰደቃ፣ ሌላውም በጉርብትና እጃችሁን ዘርጉልን። ስንት ጊዜ የአራስ ገንፎ አብረን በልተናል።

ብሩ የሚገባው በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በኮሚቴው ስም በተከፈተው ሂሳብ ብቻ ነው። ያለ 3 ሰው ፊርማ አይወጣም። ቁጥሩ በእድሩ ሰሌዳና በቶምቦላው ትኬት ጀርባ ላይ አለ። በቴሌብር የምትልኩም ወደዚያው ሂሳብ ላኩ። ደግመን እንናገራለን፣ ማንም በግል ስሙ ወይም በግል ስልኩ ቢጠይቃችሁ አትስጡ። ስታስገቡ ደረሰኙን ለገንዘብ ያዧ አሳዩ፣ ስማችሁ እንዲመዘገብ። ቆርቆሮ ያለው ቆርቆሮውን ያምጣ፣ ያገለገለም ቢሆን እንቀበላለን።

ለጊዜው ላስቲክ ወጥረናል። አናጢው ቅዳሜ እንዲጀምር ቀብድ ይፈልጋል። በዚህ ሳምንት 3 አራሶች አሉን፣ አንዷ የወለደችው መንታ ነው።

ኮሚቴው

(የሂሳቡ ቁጥር፦ በእድሩ ሰሌዳ፣ በኮሚቴው ስም። በሰው ስም አይደለም።)