ሌጀንድ ላይ የሌለው ቦብ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትህ ወገቡን ያመዋል፤ ሸክም ተው ቢሉት መቼ ይሰማል፣ ያው ታውቀዋለህ። እህትህ ፈተና ላይ ናት፣ ሰላም ብላሃለች።

በቴሌግራም የላክልኝን የቦብ ማርሌ ዘፈኖች ሰማኋቸው። «እማዬ፣ ምርጥ ምርጡን ነው የመረጥኩልሽ» ብለሃል። የኔ ጌታ፣ መራጩ አንተ አይደለህም። ይሄ ሌጀንድ የሚባለው ስብስብ ነው። ከኢዝ ዚስ ላቭ እስከ ጃሚንግ፣ ቅደም ተከተሉ ሳይቀር። ሻሸመኔ ወርደህ ቲሸርቱን ገዝተሃል፣ ስለዚህ የለበስከው ሰው ማን እንደሆነ በደንብ ብታውቅ ደስ ይለኛል። በስልክ ብጀምረው ካርድ ስለሚጨርስብኝ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልህ።

ሌጀንድ መጥፎ ነው አልልህም። ቦብ ከሞተ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1984 የወጣ ነው (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልህ)። በዓለም ዙሪያ ከ25 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። ያሰናዳው ዴቭ ሮቢንሰን የሚባል የአይላንድ ሪከርድስ፣ የቦብ ሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት፣ ኃላፊ ነበር። ሬጌ ገዝተው የማያውቁ ነጮች ቤት እንዲገባለት ፈለገ። ስለዚህ የፍቅሩንና የሰላሙን ዘፈን አበዛ፣ ቆንጠጥ የሚያደርገውን ቀነሰ። ነጋዴ ነውና አልፈርድበትም። ግን እስቲ ቁጠርልኝ። ሸክላው ላይ ካሉት 14 ዘፈኖች ውስጥ ሰርቫይቫል ከሚባለው አልበም የመጣ ስንት አለ? አንድም የለም። ዜሮ።

እኔ ደግሞ ቦብና ባንዱ፣ ዌይለርሶች፣ ከሠሩት ሁሉ አንድ ብቻ ያዢ ብባል የምይዘው ያንን ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። በታኅሣሥ 1976 ኪንግስተን ውስጥ፣ ቦብ ቤት ታጣቂዎች ገብተው ተኩስ ከፈቱ። እሱም፣ ሚስቱ ሪታም፣ ማናጀሩም ቆሰሉ። ከሁለት ቀን በኋላ ቁስሉን ይዞ መድረክ ላይ ወጣ፣ ከዚያ አገሩን ጥሎ ሄደ። ለንደን ሆኖ ኤክሶደስ የተባለውን አልበም ሠራ። ካያ የተባለውም ከዚያው ከለንደን ቀረጻ የተረፈ ነው፣ በ1978 ወጣ። ካያ ሲወጣ ተቺዎቹ ተነሱበት። «ሰውየው ለሰለሰ፣ የፍቅር ዘፋኝ ሆነ» አሉ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ እኛ አገር መጣ። ደርግ ባለበት! ጓደኛው ስኪል ኮል ያን ጊዜ እዚህ የአየር መንገድን የእግር ኳስ ቡድን ያሠለጥን ነበር፣ እሱ ነው የተቀበለው። ሻሸመኔም ሄዷል። ዚምባብዌ የሚለውን ዘፈን መጻፍ የጀመረው እዚሁ እያለ ነው ይባላል። ከዚያ ጃማይካ ተመለሰና በራሱ ስቱዲዮ፣ ታፍ ጎንግ ውስጥ፣ ሰርቫይቫልን ቀረጸ። በጥቅምት 1979 ወጣ። ስሙ መጀመሪያ ብላክ ሰርቫይቫል ሊሆን ነበር።

እኔ እጅ የገባው ግን ከወጣ ብዙ ቆይቶ ነው። ሸክላው ማን ቤት ተገኝቶ! አጎትህ ከሆነ ሰው ላይ አስቀድቶ ያመጣው ካሴት ነበር። ሽፋን የለው፣ ሥዕል የለው፣ የዘፈኖቹ ስም በእስክሪብቶ ተጽፎበታል፣ ግማሹ ፊደሉ የተሳሳተ። የመጀመሪያውን ሽፋን ያየሁት ዘግይቼ ነው። የአፍሪካ አገሮች ባንዲራ በባንዲራ ነው፣ የሰው ፎቶ የለበትም። ርዕሱ የተጻፈበት ጥቁር መስመር ውስጥ ቀረብ ብለህ ስታይ ደግሞ ትንንሽ ነገሮች ተደርድረዋል። ሰዎች ናቸው። ባሪያ ፈንጋዮች ሰው እንደ ዕቃ ደርድረው ሲጭኑ የሚያሳየው የታወቀው የመርከብ ሥዕል ነው። ኔቪል ጋሪክ ነው የሠራው። ከሩቅ የበዓል ጨርቅ ይመስልሃል፣ ቀርበህ ስታይ ሆድህን ይበላሃል። አልበሙም ልክ እንደዚያ ነው።

አሁን ስለ ዘፈኖቹ። የመክፈቻው ሶ ማች ትራብል ኢን ዘ ወርልድ ነው። ድምፁን ከፍ አያደርግም፣ እያዘገመ ይገባል። በመንኮራኩር ሽቅብ እየተወነጨፉ ታች ያለውን ድሃ ስለረሱ ሰዎች ይናገራል። ቀጥሎ ዚምባብዌ፣ እሱ ጋ እመለሳለሁ። ቶፕ ራንኪን ትንሽ ይጎተትብኛል፣ እውነቱን ልንገርህ። ከዚያ ባቢሎን ሲስተም ይመጣል።

ባቢሎን ሲስተም ላይ የራስታዎቹ የንያቢንጊ ከበሮ አለ። በእጅ የሚመታ፣ የማይቸኩል። ግጥሙ ውስጥ የወይን መጥመቂያውን እጅግ ረጅም ዘመን ረግጠናል ይላል። ይሄ ከየት እንደመጣ ታውቃለህ፤ ኢሳይያስ ላይ አለ። ሰርቫይቫል የሚለው ዘፈንማ ዳንኤልን ከአንበሶቹ ጉድጓድ፣ ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳቱ ያመጣቸዋል። ሲድራቅ፣ ሚሳቅ፣ አብደናጎ ብሎ ስማቸውን ሲጠራ ስሰማ ደነገጥኩ። እንግሊዝኛዬ ያኔ የትምህርት ቤት ነው፣ ግማሹ ያመልጠኛል። ስሞቹ ግን አያመልጡኝም። አያትህ አልጋዋ ላይ ሆና «ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ዘፈን ነው?» ስትለኝ «እማዬ፣ መዝሙር ነው» አልኳት። ዝም አለች። ጸጉሩን ብታየው ዝም የምትል አይመስለኝም።

ሁለተኛው ፊት ላይ ዋን ድሮፕ አለ። ይሄን በኤርፎን ስማው፣ በስልክህ ድምፅ ማጉያ እንዳትሞክረው፤ ቤዝ ጊታሩ ሙሉ በሙሉ ይጠፋብሃል። ዋን ድሮፕ የሬጌ አመታት ስም ነው። አራት ቁጠር። አንድ ላይ ትልቁ ከበሮ ዝም ይላል። ሌላው ሙዚቃ ሁሉ «አንድ» ብሎ በሚረግጥበት ቦታ ባዶ ነው። ክብደቱ በሙሉ ሦስት ላይ ይወድቃል። ካርልተን ባሬት ነው ከበሮውን የሚመታው፣ ወንድሙ አስተን ደግሞ ቤዙን። አስተንን «ፋሚሊ ማን» ይሉታል። ካርልተን የተወውን ባዶ ቦታ አስተን እንዴት እንደሚዞረው አድምጥ፤ አይሞላውም፣ ይዞረዋል። ሰው ቦብ ቦብ ይላል እንጂ የዌይለርስ ሞተር እነዚህ ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። ካርልተን በ1987 ተገደለ፣ አስተን በ2024 አረፈ። ሌጀንድ ላይም አሉ፣ ግን እዚያ ዘፈኑ ራሱ ስለ ድምፃዊው ነው። እዚህ ዘፈኑ ስለ ከበሮው ነው።

አምቡሽ ኢን ዘ ናይት ደግሞ ያ የ1976ቱ ተኩስ ነው። ሦስት ዓመት ይዞት ከርሞ አወጣው። እየጮኸ የሚዘፍነው እንዳይመስልህ፣ ረጋ ብሎ ነው። የመጨረሻው ዌክ አፕ ኤንድ ሊቭ ረዝሞብኛል፣ እሱን ብትዘለው አልቀየምህም።

ዚምባብዌ ጋ ልመለስ። አልበሙ ሲወጣ ነጻ የወጣ ዚምባብዌ የሚባል አገር ገና አልነበረም፣ ለብዙ ዓመት ሮዴዥያ ሲባል ቆይቶ ያን ጊዜ ዚምባብዌ ሮዴዥያ ነው የሚባለው፣ ጦርነት ላይ ነው። ነጻ የወጣው በሚያዝያ 1980 ነው። ባንዲራ በሚቀየርበት ሌሊት ሶልዝበሪ ውስጥ፣ ዛሬ ሐራሬ በሚባለው ከተማ፣ ሩፋሮ ስታዲየም ላይ እንዲጫወት ቦብን ጠሩት። መሣሪያውን ሁሉ በራሱ ወጪ ከለንደን በአውሮፕላን አስጫነ። ግብዣው የእንግሊዙ ልዑል ቻርልስ ያሉበት የትልልቅ ሰዎች ነበር። ከውጭ የቀረው ሕዝብ በሩን ጥሶ ሊገባ ሲል ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ ተኮሰ፣ ጭሱ መድረኩ ድረስ መጣ። በማግስቱ ለሕዝቡ በነጻ ደግመው ተጫወቱ።

እኔን ግን የሚገርመኝ ግጥሙ ነው። የድል ዘፈን ነው፣ ሰው እየጨፈረ ይሰማዋል፣ መሀሉ ላይ ግን እርስ በርስ የሥልጣን ሽኩቻ ይቅር ይላል፣ እውነተኛው አብዮተኛ ማን እንደሆነ ቶሎ እናያለን ይላል። ከነጻነቱ በፊት ነው ይህን ያለው! የነጻው አገር መሪ የሆነው ሙጋቤ በኋላ ምን እንዳደረገ በታሪክ ተምረሃል። እኛ ደግሞ ይህን የምንሰማው አዲስ አበባ ላይ ነው። «እውነተኛ አብዮተኛ ማን ነው» የሚለው ጥያቄ ከጥቂት ዓመታት በፊት ሰው ያስበላበት ሰፈር ውስጥ። አጎትህ እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፁን ይቀንሰው ነበር። ለምን እንደሚቀንስ ማንም አልጠየቀውም።

ታዲያ እንዲህ ያለው አልበም ለምን ተረሳ? አንደኛ ነገር፣ የፍቅር ዘፈን የለበትም። አንድም። አሥሩም ዘፈኖች አንድ ነገር ላይ ነው የሚያተኩሩት፣ ነጥለህ ሬዲዮ ላይ የምታጫውተው ቀላል ነገር አታገኝም። ራስታማን ቫይብሬሽን የተባለው የቀድሞ አልበሙ አሜሪካ ውስጥ 8ኛ ደረጃ ድረስ ወጥቶ ነበር፣ ሰርቫይቫል 70ኛ ላይ ቀረ። ቦብ ጥቁር አሜሪካውያን እንዲሰሙት በጣም ይፈልግ ነበር፣ አልበሙ በወጣበት ወር የኒውዮርክ ጥቁሮች ሰፈር ሃርለም ሄዶ አፖሎ ቲያትር ላይ ተከታታይ ምሽቶች ተጫወተ። በቀጣዩ ዓመት አፕራይዚንግ ወጣ፣ ሪደምፕሽን ሶንግ እና ኩድ ዩ ቢ ላቭድ መጡና ሰርቫይቫልን ሸፈኑት። ከዚያ ሰውየው በ36 ዓመቱ ሞተ። ከዚያ ሌጀንድ መጣ። ሌጀንድ ላይ ያልገባ ዘፈን ለአዲሱ ትውልድ እንዳልተዘፈነ ሆነ። ስብስብ ብቻ መስማት ከዶሮ ወጥ እንቁላሉን እየለቀሙ ወጡን መተው ነው።

በ2005 የቦብ 60ኛ ዓመት ልደት መስቀል አደባባይ ሲከበር አንተ ጡት እንኳን አልጣልክም፣ እኔ ግን አክስትህ ላይ ጥዬህ ሄጃለሁ። ዝግጅቱ አፍሪካ ዩናይት ነበር የተባለው። ስሙ የሰርቫይቫል የሁለተኛው ፊት መክፈቻ ዘፈን ነው። አጠገቤ የቆመ ጎረምሳ ይህን ስነግረው «ሌጀንድ ላይ አለ?» አለኝ። ምን ልበለው!

ሌሎቹንም በአጭሩ። ከራስታማን ቫይብሬሽንም ሌጀንድ ላይ አንድ ዘፈን የለም፣ ዋርን የመሰለ ነገር ይዞ። ዋር ጃንሆይ በ1963 ለተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ያደረጉት ንግግር ነው፣ ዜማ ገብቶለት። አባትህ ጃንሆይን ሲሰማ ፊቱ ይጠቁራል፣ ዋርን ግን ይወደዋል፤ እንዴት እንደሚያስታርቃቸው እሱን ጠይቀው። ኮንፍሮንቴሽን ከሞቱ በኋላ፣ በ1983፣ ተሰብስቦ የወጣ ነው። ባፋሎ ሶልጀር ከዚያ ነው። ዘፈኖቹ ተመጣጣኝ አይደሉም፣ ሽፋኑ ግን ድንቅ ነው። ቦብ ፈረስ ላይ ሆኖ ዘንዶ ይወጋል፣ ልክ እንደ ቅዱስ ጊዮርጊስ። ውስጡን ስትገልጠው ደግሞ የአድዋ ጦርነት ሥዕል አለበት። ኢንተርኔት ላይ ፈልገህ እየው።

ስለ ካያ ግን አልሟገትም። ተቺዎቹ አበዙት እንጂ ጥሩ ነው። ለእሑድ ቡና ይሆናል። አንተ ከዚህ በላይ ነው ካልክ ምክንያትህን ይዘህ ና።

ሰርቫይቫልን ስትሰማ ዘፈኖቹን አታቀላቅላቸው። ስልክህ ላይ ያችን የማደባለቂያ ምልክት አጥፋት። አምስተኛው ሲያልቅ ትንሽ ቁም፣ ሸክላው ተገልብጦ ነበር እዚያ ጋ። ጓደኞችህ የሚያወሩበት ዶርም ውስጥ አትስማው፣ ሐይቁ ዳር ውጣና ስማው። ሰምተህ ካልጣመህም አልጣመኝም በለኝ፣ ጥሞኛል ብለህ እንዳታሞኘኝ። ዋን ድሮፕ ላይ ያ ባዶ ቦታ ከተሰማህ ግን ወዲያው ደውልልኝ፣ የካርዱን እኔ እሞላልሃለሁ።

ለፋሲካ ስትመጣ አጎትህ ጋ እንሄዳለን። ካሴቱ አሁንም አለው፣ ማጫወቻው ነው የተበላሸው። አንተ ኤሌክትሪክ ምናምን ትማራለህ አይደል፣ ዊንጣ መፍቻ ይዘህ ና።

የምትወድህ እናትህ