ከፍለን የምንጫወተውን ረሳችሁን

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ቪዲዮ ጌም ስርቆት ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለቴ አነበብኩት። አንዲት ዓረፍተ ነገር አላስቀምጥ አለችኝ። ጌሞች ላይ የሚገባው የስርቆት መከላከያ ሌባውን እንጂ ከፍሎ የሚጫወተውን አይነካም የምትለዋ።

እኔ ከፍዬ ነው የምጫወተው። ነክቶኛል።

ክራክ የተደረገ፣ ማለትም መከላከያው ተሰብሮ በነጻ የሚበተን ጌም ጭኜ አላውቅም። አንድ ጊዜ የገዛሁት ጌም ግን አክቲቬት የሚደረገው (በድርጅቱ ፈቃድ ኮምፒውተር ላይ የሚከፈተው) ለተቆጠሩ ጊዜያት ብቻ ነበር። ሃርድ ዲስኬ ተበላሸና ቀየርኩት። ከዚያ ጌሙ ኮታህን ጨርሰሃል ብሎ ዘጋብኝ። ለድርጅቱ ጻፍኩ። ደረሰኝ ላክ አሉኝ፣ ላክሁ። የሳጥኑን ፎቶ ላክ አሉኝ፣ እሱንም ላክሁ። 11 ቀን ጠበቅሁ። በገዛ ገንዘቤ የገዛሁትን ዕቃ እንዳልሰረቅሁ ሳስረዳ ከረምኩ። ሌባውስ ያን ጊዜ ምን ያደርግ ነበር? እየተጫወተ ነበራ!

የኔ ብቻ ዕጣ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2008 ስፖር የሚባለው ጌም ሲወጣ ገዢው ከ3 ኮምፒውተር በላይ አክቲቬት ማድረግ አይችልም ነበር። የተሰበረው ቅጂ ግን ጌሙ ገበያ ከመግባቱ በፊት ኢንተርኔት ላይ ተለቆ ነበር። በ2013 ደግሞ ሲምሲቲ የተባለውን ጌም ብቻውን የሚጫወት ሰው እንኳ ኢንተርኔት ግድ ተባለ። ሰርቨሮቹ ጭነቱን አልቻሉም። የከፈሉ ሰዎች ለቀናት መግባት አቃታቸው። ከዓመት በኋላ ያለ ኢንተርኔት መጫወት ተፈቀደ። ይቻል ከነበረ መጀመሪያውኑ ለምን አልተደረገም?

ስርቆት ይፈቀድ አላልኩም። አንድ ትልቅ ጌም የብዙ ሰው የዓመታት ድካም ነው። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሽያጭ ወሳኝ እንደሆነም አውቃለሁ። ዴኑቮን የመሰለ ቁልፍ (ጌሙ ውስጥ የሚገባ የስርቆት መከላከያ ሶፍትዌር) ዋና ሥራውም ክራኩን ለነዚያ ሳምንታት ማዘግየት ነው። ይሁን። ግን ክራኩ ከወጣ በኋላ ቁልፉ ማንን ነው የሚጠብቀው? የሚቀረው እኛ ላይ ብቻ ነው። አንዳንድ ድርጅቶች ይሄን አይተው ቆይተው ያነሱታል። ጎግ የሚባለው መደብር ከ2008 ጀምሮ ያለ ቁልፍ ሲሸጥ ኖሯል፤ ታዋቂው ጌም ዘ ዊቸር 3 ራሱ እዚያ የተሸጠው ያለ ቁልፍ ነው። ዘገባችሁ ግን ስለዚህ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ከሁሉ በላይ ያናደደኝ «ገዢ» የምትለዋን ቃል እንዲሁ ማለፋችሁ ነው። ዘ ክሩ የተባለው የ2014ቱ የመኪና ጌም ሰርቨሩ መጋቢት 2024 ተዘጋ። ያኔ ዲስኩን በእጁ የያዘ ሰው እንኳ መጫወት አቃተው። ካሊፎርኒያ ከ2025 ጀምሮ ዲጂታል ሻጮች የሚሸጡት ፈቃድ ብቻ መሆኑን ለደንበኛው በግልጽ እንዲነግሩ በሕግ አስገድዳለች። ሕግ ያስፈለገው እኮ ሰዉ የገዛ ስለሚመስለው ነው።

ዘጋቢያችሁ ድርጅቶቹን ሲያናግር አንድ ከፋይ እንኳ አጣ? በሚሊዮን የምንቆጠር ሰዎች ነን። ያቺን ዓረፍተ ነገር አርሙልን። ማስረጃ ካስፈለጋችሁ ደረሰኙም የ11 ቀኑ ደብዳቤም እኔ ጋ አሉ።

አንባቢያችሁ