ሰንጢ ስትገዙ ከውፍረቱ ይልቅ ቀጭንነቱን እዩ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሐዋሳ ላይ አናናስና አቮካዶ የሚያነሳ፣ ገመድና ማዳበሪያ ሲፈታ የሚውል ሰው ሰንጢ ከኪሱ አይጠፋም። ገበያ ላይ ግን ቶሎ የሚሸጠው ወፍራሙ፣ ጥቁሩና በሞላ ተስፈንጥሮ የሚከፈተው ነው። በዚህ ምርጫ ፈጽሞ አልስማማም።

ጀርባው 4 ሚሊሜትር የሚሆን ስለት የቱንም ያህል ቢሳል አናናስ ይሰነጥቃል እንጂ አይቆርጥም። አፉ ከገባ በኋላ ውፍረቱ ፍሬውን ግራና ቀኝ ይገፋዋል፤ ጭማቂው የሚፈሰውም በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ከሁሉም የማስቀድመው የፈረንሳዩን ኦፒኔል 8 ቁጥር ነው። ስለቱ 8.5 ሴንቲሜትር ይረዝማል፣ ውፍረቱ 2 ሚሊሜትር አይሞላም፣ ሙሉ ክብደቱም 50 ግራም አይደርስም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1890 መሠራት የጀመረ ሲሆን፣ በ1955 የተጨመረለት የሚዞር ቀለበት የተከፈተውን ስለት ይቆልፈዋል። ከ2000 ወዲህ የተሠሩት ተዘግተውም ይቆለፋሉ፤ ልጆች ላሉበት ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ብረቱ ሁለት ዓይነት ነው። ካርቦኑ ለመሳል ይቀላል፤ ነገር ግን ሎሚና አናናስ ያጠቁሩታል፣ እርጥብ ካደረም ይዝጋል። ለእኛ ከተማ የማይዝገው ይሻላል።

የኦፒኔል ችግር እጀታው ነው። እንጨቱ ውኃ ሲጠጣ ያብጥና ስለቱን አጥብቆ ይይዘዋል። በፒንሳ አትጎትቱት፣ ጫፉ ይሰበራል። ቀለበቱን ወደ መክፈቻው አዙሩና የእጀታውን ጫፍ ጠረጴዛ ላይ መታ መታ አድርጉት፤ ስለቱ ብቅ ይላል። በደንብ ሲደርቅ ማጠፊያው ላይ ቫዝሊን፣ እንጨቱ ላይ የተልባ ዘይት በስሱ ቀቡ። ሩብ ሰዓት ያህል ከጠጣ በኋላ የተረፈውን ጠርጋችሁ ለቀናት አድርቁት፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢደገም ጥሩ ነው። የተቀባበትን ጨርቅ ግን ጠቅልላችሁ አትጣሉ። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ከተከማቸ በራሱ ግሎ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል ዘርግታችሁ አድርቁት።

ሁለተኛ ምርጫዬ የስዊዘርላንዱ ቪክቶሪኖክስ ነው፤ በተለይ ስፓርታን የሚባለው 91 ሚሊሜትሩ። ሁለት ስለት፣ የቆርቆሮና የጠርሙስ መክፈቻ፣ የቡሽ መንቀያና ወስፌ አለው። ብረቱ በጣም ጠጣር ስላልሆነ (በሮክዌል የጥንካሬ መለኪያ 56 አካባቢ ነው) ከሌሎች ቀድሞ ይደነዝዛል፤ በአንጻሩ አይሸረፍም፣ ጥቂት ጊዜ ድንጋይ ላይ ቢመላለስ ይመለሳል። ለዕለት ሥራ እንዲህ ያለውን ብረት እመርጣለሁ። የስፓርታን ስለት የሚቆመው በሞላ ጉልበት ብቻ ነው፣ መቆለፊያ የለውም። በጫፉ ለመብሳት ከሞከራችሁ ታጥፎ ጣታችሁ ላይ ይመጣል፤ ለመብሳት ወስፌው አለ። በ1964 የወጣው የአሜሪካው በክ 110 መቆለፊያው ብርቱ ነው፤ ክብደቱ ግን ወደ 200 ግራም ስለሚጠጋ ከኪስ ይልቅ ለቀበቶ ይሆናል።

ስም የሌላቸውን ርካሽ ሰንጢዎች የምትገዙ ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ከፍታችሁ ፈትሹ። ብዙዎቹ የሚቆለፉት እጀታው ውስጥ ያለ ስስ ብረት ወደ ስለቱ ሥር ገፍቶ ሲደግፈው ነው። ይህ ብረት የስለቱን ሥር ቢያንስ ሩቡን መሸፈን አለበት። ጫፉን ብቻ ከነካ ሊንሸራተት ይችላል፤ በአዲስነቱ እስከ ወዲያኛው ጎን ከደረሰ ደግሞ ሲበላ የሚሄድበት የለውም። ጣታችሁን ከሚታጠፍበት መንገድ አውጡና የስለቱን ጀርባ በመዳፍ ጫን በሉት፣ ግራና ቀኝም ወዝውዙት። ትንሽ መወዝወዝ የማጠፊያውን ብሎን በማጥበቅ ይስተካከላል፤ የተቆለፈው ከተለቀቀ ግን አትግዙት። ሻጮችም ገዢው ዕቃውን ከፍቶ እንዲፈትሽ ቢፈቅዱ እጅግ ደስ ይለኛል።

ዓሣ በታጣፊ ሰንጢ ባይሠራ እመክራለሁ። የቆሮሶ ቅርፊትና ልጋግ እጀታው ውስጥ ገብቶ ይሸታል፣ ማጠፊያውንም ይዘጋዋል። በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ካለው የአሞራ ገደል ገበያ ዓሣ ለምትገዙ፣ ቀጭን የማይታጠፍ ቢላ የተሻለ ነው። የግድ ከሆነባችሁ ሰንጢውን ከፍታችሁ ለብ ባለ ውኃ፣ በሳሙናና በጥርስ ብሩሽ እጠቡት፤ አድርቃችሁ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ጨምሩበት። የምግብ ዘይት እየቆየ ስለሚጣበቅ አይሆንም።

በግራይንደር ለሚስል ሰውም አትስጡት። ቀጭን አፍ በሴኮንዶች ይግላል፤ ሰማያዊ ቀለም ካወጣ ያ ቦታ ጥንካሬውን አጥቷል፣ ዳግም ቢሳልም ወዲያው ይደነዝዛል። በእርጥብ መሳያ ድንጋይ ላይ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ አዘንብላችሁ አንዱን ጎን ሳሉ። በሌላው ጎን ስስ ሻካራ ነገር በጣት ሲዳሰስ ገልብጡትና ያንንም ሳሉት። በመጨረሻ የቆዳ ቀበቶ ላይ ጀርባውን አስቀድማችሁ በእያንዳንዱ ጎን አሥር ጊዜ ያህል ጎትቱት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከሐዋሳ