ለአዘጋጁ፦ የአዘቦቱን ቀንም ፎቶ እናንሳው

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የጋዜጣችሁ የረጅም ጊዜ አንባቢ ነኝ። ሥራዬ አሮጌ ፎቶ ማደስ ነው። የተቀደደውን እጠግናለሁ፣ የደበዘዘውን አደምቃለሁ፣ ትንሹን አሳድጋለሁ። አንድ ነገር ልለምናችሁ ነው የምጽፈው። መጀመሪያ ግን ምክንያቱን ላስረዳ።

ወደ እኔ የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ ኀዘን ላይ ነው። እናት አርፋለች፣ ወይም አባት፣ ወይም አያት። ቤተሰቡ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ፎቶ ይፈልጋል። ይዘውልኝ የሚመጡት ግን ጉርድ ፎቶ ነው። ከመታወቂያ ላይ የተነሳ፣ ጥጉን ማኅተም የሸፈነው። ካልሆነም ከሠርግ ፎቶ ላይ ከኋላ ረድፍ የተገኘች ግማሽ ፊት። አሳድጌ፣ ማኅተሙን አጥፍቼ ስሰጣቸው ያመሰግኑኛል። ትንሽ ዝም ብለው ያዩታል። ከዚያ «እሷ ግን እንዲህ አልነበረችም» ይላሉ። «ባዶ እጇን ተቀምጣ አይተናት አናውቅም።» አንዲት ወጣት የአባቷን ጉርድ ፎቶ ይዛ መጥታ ነበር። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ የተፈታ ሬዲዮ ላይ አጎንብሶ የሚያሳይ ፎቶ ቢኖራት ምንኛ ደስ ባላት ነበር። ዕድሜ ልኩን ሲያደርገው የኖረ ነገር ነው። በየቀኑ የሚያዩት ነገር ስለሆነ አንድም ሰው አላነሳውም።

አንዳንዱ «እህቴ፣ በኮምፒውተር ፈገግ አድርጊልን» ይለኛል። ይህን የሚያደርግ መተግበሪያ ዛሬ ሞልቷል። እኔ ግን እምቢ እላለሁ። ያ ፈገግታ የሌላ ሰው ነው። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ በየቀኑ ሲታይ፣ ልጆቹ በልባቸው የያዙትን እውነተኛ ሳቅ ቀስ በቀስ እንዳይተካው እፈራለሁ።

ሰው ሁሉ ስልክ ይዞ እየዞረ እንዴት ፎቶ ይጠፋል? ትሉ ይሆናል። ስልካቸውን አውጥተው አብረን የፈለግንባቸው ጊዜያት አሉ። በስልኩ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ፎቶ አለ። ልደት አለ፣ ምርቃት አለ፣ ሰልፊ አለ። የክፍያ ደረሰኝ ፎቶ ሳይቀር አለ። እናትየው ግን የለችም። ብትገኝም ጥግ ላይ ዕቃ ይዛ ስታልፍ፣ ደብዝዛ ነው። ሌላው ተሰብስቦ ሲነሳ እሷ ሥራ ላይ ነበረቻ።

ይህን ባየሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ አንድ በጣም አሮጌ ፎቶ አለ። ፈረንሳዊው ሉዊ ዳጌር እ.ኤ.አ. በ1838 ፓሪስ ውስጥ ከመስኮት ሆኖ ቡሌቫር ዱ ታምፕል የሚባለውን ጎዳና አነሳ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ጎዳናው ሰውና ሠረገላ የሚርመሰመስበት ነበር። ፎቶው ላይ ግን ጭር ብሏል። በዚያ ዘመን አንድ ፎቶ ለመቅረጽ ደቂቃዎች ይፈጅ ስለነበር የሚንቀሳቀስ ሁሉ ሳይቀረጽ ቀረ። ጎልቶ የሚታየው አንድ ጫማ የሚያስጠርግ ሰውዬ ነው። እግሩን አስቀምጦ ቆሟልና ቅርጹ ተለይቶ ወጣ። ሊስትሮው ደግሞ እጁ ስለማያርፍ ደብዘዝ ብሎ አጠገቡ ይታያል። በፎቶ ከተቀረጹ ሰዎች የመጀመሪያዎቹ እነሱ እንደሆኑ ይነገራል። ስማቸው ግን አልተመዘገበም።

ዛሬ ለአንድ ፎቶ የሰከንድ ቅንጣት ይበቃል። ያም ሆኖ በየአልበማችን ቆሞ የተዘጋጀው ሰው ይታያል፣ የሚሠራው ይጠፋል። አሁን በካሜራው ማሳበብ አንችልም።

ፎቶግራፍ እንዲያውም የተጀመረው ከቤት ነው። ፈረንሳዊው ኒሴፎር ኒዬፕስ በ1826 ወይም በ1827 ያነሳውና እስከ ዛሬ የተረፈው ፎቶ፣ ከቤቱ ፎቅ መስኮት የሚታየውን ጣሪያና ግቢ የሚያሳይ ነው። እንግሊዛዊው ሄንሪ ፎክስ ታልቦትም በ1835 ያነሳው ትንሽዬ ኔጌቲቭ (ብርሃኑ ጨለማ፣ ጨለማው ብርሃን ሆኖ የሚታይበት ምስል) የመኖሪያ ቤቱ መስኮት ነው። በኋላ ፊልም መጣ። አሜሪካዊው ጆርጅ ኢስትማን በ1888 የሸጠው የመጀመሪያው የኮዳክ ካሜራ 100 ፎቶ የሚያነሳ ፊልም ተጭኖበት ነበር። ፊልሙ ሲያልቅ ካሜራው እንዳለ ወደ ፋብሪካው ይላካል። ከዚያ እኛ የምናውቀው 36 ፎቶ የሚይዘው ጥቅል ሆነ። በ36 ፎቶ ስንት ነገር ይዳረሳል? ፊልሙ ይገዛል፣ ይታጠባል፣ ይታተማል። ሰው ለትልቅ ቀን ቢቆጥብ አይፈረድበትም። ለትልቅ ቀን ብቻ የማንሳት ልማዳችን ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ፊልሙ ቀርቷል፣ ልማዱ ግን አልለቀቀንም።

ይህን ልማድ የተዉ ሰዎች የሠሩትን ተመልከቱ። ፈረንሳዊው ዣክ ኦንሪ ላርቲግ ገና ልጅ ሳለ ወንድሙንና የአጎት ልጆቹን ሲዘሉ፣ ሲወድቁ፣ በገዛ እጃቸው የሠሩትን ጋሪ ሲነዱ ያነሳ ነበር። ለቤት አልበም ብሎ። በ1963 ኒውዮርክ ባለው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ለሕዝብ ሲታዩለት፣ ሰባ ዓመት ሊሞላው ትንሽ ነበር የቀረው።

እኔ የበለጠ የምወዳት ግን አሜሪካዊቷን ላቶያ ሩቢ ፍሬዘርን ነው። ያደገችው ብራዶክ በምትባል የፔንስልቬንያ የብረት ፋብሪካ ከተማ ነው። በአሥራዎቹ ዕድሜዋ አያቷን፣ እናቷንና ራሷን ማንሳት ጀመረች። ለዓመታትም አላቋረጠችም። መኝታ ቤቱ አለ፣ ሳሎኑ አለ፣ ሕመሙ አለ። የከተማዋ ሆስፒታል ሲዘጋም እዚያው ሆና አንስታለች። የሦስት ሴቶችን ቤት ስታነሳ አንድ ከተማ አብሮ ተነሳ። ልቤን የሚነካው ደግሞ እናቷ ተነሺ ብቻ አለመሆኗ ነው። ካሜራውን ተቀብላ እሷም ታነሳ ነበር።

አንባቢዎቻችሁ ከዚህ ምን እንደሚወስዱ በሥራዬ ካየሁት ልንገራቸው። ካሜራ መግዛት አያስፈልግም፣ ስልክ ይበቃል። ፍላሹን አጥፉት። ከጎን የሚመጣ የመስኮት ብርሃን ለሰው ፊት የሚሆነውን ያህል ምንም አይሆንም። ሰውን ወደ መስኮት አትጎትቱ። ራሱ መስኮቱ አጠገብ የሚሆንበትን ሰዓት ጠብቁ። ከውጭ በቂ ብርሃን ከገባ አምፖሉንም አጥፉት። የሁለቱ ቀለም ስለሚለያይ ፊትን ግማሹን ቢጫ ያደርጉታል።

ጠቆር ያለ ሰው ነጭ ግድግዳ ከጀርባው ሲሆን ስልኩ ይታለላል። ካሜራ በራሱ ሲለካ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ማምጣት ይፈልጋል። የግድግዳውን ንጣት ለመቀነስ ሲል ፊቱን አብሮ ያጨልመዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ስክሪኑ ላይ ፊቱን በጣት ነካ አድርጉና ብርሃኑን ከፍ አድርጉት። ግድግዳው ከመጠን በላይ ቢነጣ ምንም አይደለም። ለእድሳት ከሚመጡልኝ ፎቶዎች ስንቱ ነው ግድግዳው ጠርቶ የሰውዬው ዓይን የማይታየው!

በጣም አትጠጉ። የስልክ ዋናው ሌንስ ሰፊ ስለሆነ ከቅርብ ሲነሳ አፍንጫ ይገዝፋል፣ ጆሮ ወደ ኋላ ይሸሻል። አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ስትሉ ፊቱ ይስተካከላል፣ ክፍሉም ይገባል። ክፍሉ መግባቱ ትልቅ ነገር ነው። ሰዎች የታደሰ ፎቶ ስሰጣቸው መጀመሪያ ፊቱን ያያሉ። ቀጥሎ ዓይናቸው ወደ ኋላ ይሄዳል። «ውይ፣ ያ ወንበር!» «መጋረጃውን አየኸው?» ማልቀስ የሚጀምሩት አንዳንዴ እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ ለፎቶ ብላችሁ ቤቱን አታስተካክሉ። የተከመረው ልብስ ይቆይ። በር ላይ የተወለቀው ጫማም ይታይ።

«ሳቁ» አትበሉ። ስልክ መያዛችሁን እስኪረሱት ጠብቁ። እህት የእህቷን ፀጉር ስትሠራ አንሱ። ልጅ የቤት ሥራው ላይ እንቅልፍ ሲያዳፋው፣ አያት መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ለማስገባት ዓይናቸውን ሲያጠብቡ፣ አባት ልብስ ሲተኩስ። ከቤት ወጣ ስትሉ ደግሞ ጎረቤቶች አጥር ላይ ተደግፈው ሲያወሩ፣ ፀጉር ቆራጩ አንገት ሲያራግፍ፣ ልጆች በተጠቀለለ ጨርቅ ኳስ ሲጫወቱ። ሁልጊዜ የምታነሱት እናንተ ከሆናችሁ ስልኩን ለልጅ ስጡት። ልጅ ከታች ሆኖ ስለሚያይ ትልቅ ሰው ልብ የማይለውን ያነሳል። እናንተም በቤታችሁ ታሪክ ውስጥ ትገባላችሁ።

አንድ ጥብቅ ነገር አለ። ቤት የሰው ገመና ያለበት ቦታ ነው። ማንሳትና ለሕዝብ መልቀቅ በፍጹም አንድ አይደሉም። የታመመን ሰው ሳይፈቅድ አታንሱ። ገላውን የሚታጠብ ሕፃን ፎቶ ኢንተርኔት ላይ ምንም ሥራ የለውም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ1989 ያጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በ16ኛው አንቀጽ የልጅ ግላዊ ሕይወት ያለ አግባብ እንዳይደፈር ይደነግጋል። ልጁ ስድስት ሰባት ዓመት ከሆነው ጠይቁት፣ እምቢ ካለም ተዉት። ጎረቤትንም ጠይቁ፣ ፎቶውንም አሳዩት። «አጥፊልኝ» ካለ ወዲያው፣ እያየ አጥፉለት። ሰው የሚያምናችሁ እንዲህ ስታደርጉ ነው። ስልክ ሎኬሽን በርቶለት ከሆነ የተነሳበትን ቦታ ፎቶው ውስጥ ይመዘግባል። የቤታችሁን አድራሻ ሳታውቁት ለማንም እንዳትሰጡ፣ ከማጋራታችሁ በፊት የቦታውን መረጃ ከፎቶው ላይ አጥፉ።

ስለ ማስቀመጥ ባጭሩ፦ ፎቶውን ስልክ ላይ ብቻ አትተዉት፤ ስልኩ የጠፋ ቀን አብሮ ይጠፋል። በቴሌግራምና በዋትሳፕ እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ ጥራቱ ስለሚቀንስ እንደ ፋይል ላኩት። ከዓመቱ ውስጥ ጥቂቶቹን መርጣችሁ አሳጥቡ። ጀርባው ላይ በለስላሳ እርሳስ ማን እንደሆነ፣ የት እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ ጻፉ። እስክሪብቶ አትጠቀሙ፤ ሲጫኑት ፊቱ ላይ ያብጣል፣ ቀለሙም ሌላው ፎቶ ላይ ይታተማል። ገጹ ሙጫ የሆነ አልበምም ተዉ። ከዓመታት በኋላ ፎቶው ከሙጫው አልላቀቅ ይላል፣ ቢላቀቅም ቢጫ ሆኖ ነው። ስም ያልተጻፈበት ፎቶ ይዞ የሚመጣ ሰው ያሳዝነኛል። «አክስታችን ትመስለኛለች» ይላል። የምታውቀው እናቱ ነበረች፣ እናቱ ደግሞ የለችም።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። ጋዜጣችሁ ላይ የባለሥልጣን፣ የአትሌት፣ የስብሰባ ፎቶ አያለሁ። እሱ ይቀጥል። በሳምንት አንድ ቀን ግን ከአንባቢ ቤት ወይም ሰፈር የተላከ አንድ የአዘቦት ቀን ፎቶ አትሙልን። ትልቅ ይሁን፣ ከማስታወቂያ ጎን አይጨመቅ። ከሥሩ የተነሳው ሰው ስም፣ ምን እየሠራ እንደነበር፣ ማን እንዳነሳው ይጻፍ። የተነሳው ሰው መፍቀዱን ሳታረጋግጡ አታውጡ። ልጅ ካለበት የወላጅም የልጁም ፈቃድ ይኑር፣ የቤቱ አድራሻ ግን አይጠቀስ። ሽልማትና ውድድር አታድርጉት እባካችሁ። ሽልማት ከመጣ ሰው እናቱን አዲስ ልብስ አልብሶ ነው የሚያነሳት።

ፎቶዎቹን የሚመርጥና የሚያስተካክል ሰው ከሌላችሁ እኔ ያለ ክፍያ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ። ብርሃኑ የጨለመውን አስተካክላለሁ። ግድግዳውንና የተከመረውን ልብስ ግን አልነካም።

ከአክብሮት ጋር፣
አሮጌ ፎቶ የምታድስ አንባቢያችሁ